ከቀሃ ወንዝ ዳር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚመጣ መኪና አዘዞ ከመድረሱ በፊት ጠዳን ያልፋል። መንገደኛው ጠዳን የሚያውቃት በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ነው፤ አለዚያም ረዳቱ «ጠዳ ወራጅ አለ?» ብሎ ስለሚጮኽ ነው። እኔም ለዓመታት ያለፍኳት እንዲሁ ነበር። የአፄ ፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1682 ሞተው የተቀበሩት እዚችው ጠዳ እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጻድቁ ዮሐንስ ይሏቸዋል። ስማቸው ሲነሣ አስቀድሞ የሚወራው መንፈሳዊነታቸው ነው፤ እኔን ግን የያዘኝ አንድ ውሳኔያቸው ነው። በዚያ ውሳኔ የተነሣ ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል፣ ከቀሃ ወንዝ ዳር፣ አንድ ሰፈር ለብቻው ቆመ። የድሮ ሰው እስላም ቤት ይለው ነበር። ዛሬ አዲስ ዓለም ነው።

ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚያ ሰፈር ቀን ቆጥረው የጻፉልን ይበልጡን የውጭ መንገደኞች ናቸውና። ወደ ራሳችን ዘመን ስንጠጋ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።

ነገሩ ከጎንደር አይጀምርም፤ ከባሕሩ ነው። በ1557 የኦቶማን ቱርክ ጦር በኡዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን ያዘ። ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም፤ ሊቆረቁሯት የነበሩት ንጉሥም ገና አልተወለዱም። በዚያው በ1557፣ ከምጽዋ እጅግ ርቆ፣ በባልካን ተራሮች መካከል በምትገኘው በሞስታር ከተማ፣ ካራጆዝ ቤግ የተባለ ባለጸጋ ጉልላቱ የከበደ፣ ሚናራው እንደ ጦር የቀጠነ መስጊድ አሠርቶ ጨረሰ። አንዱ መንግሥት በአንድ ዓመት እዚያ መስጊድ ተከለ፣ እዚህ ወደብ ያዘ። በባልካን ከተሞች ገዢው ሙስሊም ነበርና መስጊዱ ከገበያው መካከል ቆመ፤ ክርስቲያኑ በሰፈሩ ተወስኖ፣ የራሱን ግብር ከፍሎ፣ ደወሉን ዝም አሰኝቶ ኖረ። በጎንደር ይኸው ነገር ተገልብጦ ነው የምናገኘው። ገዢው ክርስቲያን፣ ደወሉ ከኮረብታው፣ ሙስሊሙ ከወንዙ። ቱርክ የያዘው በር ግን ለጎንደር ነገሥታትም በር ነበር፤ ጨርቁም፣ ብረቱም፣ ከእስክንድርያ የሚመጣው ጳጳስም ይገባ የነበረው በዚያው ነው።

አፄ ፋሲል በ1632 ነገሡ፤ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጓት። በአባታቸው በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ሰበብ ብዙ ደም ፈስሶ ነበርና የኢየሱሳውያንን ካህናት ከአገር አስወጡ። እንዳይመለሱም ከማን ጋር ቢመክሩ ጥሩ ነው? ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ፓሾች ጋር። የኦርቶዶክሱ ንጉሥ የካቶሊኩን ቄስ እንዲያግድላቸው የለመኑት ሙስሊሙን ሹም ነው። በታሪክ መጽሐፎቻችን ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሻግረናት እንሄዳለን፤ ቆም ተብሎ ሊታሰብባት የሚገባ ይመስለኛል።

ፋሲል በቱርክ በር ብቻ መታመን አልፈለጉም። ለየመን ኢማም ደብዳቤና ስጦታ ላኩ። ኢማሙ ደብዳቤውን ሲያነቡት የሐበሻው ንጉሥ ልባቸው ወደ እስልምና ያዘነበለ መሰላቸውና በ1648 ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የተባሉ ሊቅ መልእክተኛ አድርገው ሰደዱ። ሰውየው ባሕሩን ተሻግረው በበይሉል በኩል ገቡ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ስንት መከራ አይተው ጎንደር ደረሱ። ንጉሡ በክብር ተቀበሏቸው። ጨዋታው ሲገፋ ግን የንጉሡ ሐሳብ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፋሲል የሚፈልጉት የቱርክን ቀረጥ የማይነካ የንግድ መንገድ በበይሉል እንዲከፈት ነበር። ሃይማኖት መለወጥ በሐሳባቸው አልነበረም። አል ሐይሚ አገራቸው ተመልሰው የጉዟቸውን ታሪክ ጻፉ፤ ዛሬ የፋሲልን ቤተ መንግሥት በዘመኑ ዓይን ከምናይባቸው ጽሑፎች አንዱ የእርሳቸው ነው።

ፋሲል ሞተው በ1667 ልጃቸው ዮሐንስ ነገሡ። በማግስቱ ዓመት በ1668 ካህናቱና መኳንንቱ ጎንደር ላይ ተሰበሰቡ። ጉባኤው የወሰነው ሦስት ነገር ነው። ፈረንጆቹ፣ ማለት ከፖርቱጋሎች ተወልደው አገር ለምደው የቀሩት፣ ወይ የአገሩን ሃይማኖት ይያዙ ወይ ይውጡ። ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ጋር ተቀላቅለው አይኑሩ፤ ሰፈራቸውን ለብቻ ይሥሩ። ፈላሻ ወይም ካይላ የሚባሉት ቤተ እስራኤልም እንደዚሁ። ከፈረንጆቹ እምቢ ያሉት ወደ ስናር ወረዱ። ሙስሊሞቹ ወደ ቀሃ ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1678 ትእዛዙ እንደገና ተነገረ። አዋጅ ሁለተኛ የሚነገረው የመጀመሪያው ሳይሰማ ሲቀር ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ በአንድ ቀን አይለይማ።

ሰፈሩ የወደቀበት ቦታ ዝም ብሎ የተገኘ አይመስለኝም። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል በተኛ ኮረብታ ላይ ናት። ከላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ዙሪያውን አብያተ ክርስቲያናቱ፤ ከታች ወንዙና ሜዳው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ዝቅ ማለት ውርደት ነው። ለነጋዴ ግን ወንዝ ዳር ማለት የበቅሎ ውኃ ማለት ነው፤ ሜዳ ማለት ጭነት የሚራገፍበት፣ ከብት የሚያድርበት ማለት ነው። ሙስሊሙ ርስት አይተከልለትም ነበር። ርስት የሌለው ሰው ወይ በእጁ ሥራ ይኖራል ወይ በእግሩ። የቀሃ ሰዎች ሁለቱንም ያዙ፤ ሸማኔም ሆኑ፣ ነጋዴም ሆኑ።

እነዚያ በእግራቸው የኖሩት ንጉሥን እስከ ማዳን ደርሰዋል። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ፣ ታላቁ የሚባሉት፣ ቆዳቸውን አመማቸው። ሐኪም ፍለጋ ካይሮ ድረስ የሚላክ ሰው አስፈለገ። ከመኳንንቱ መካከል ካይሮን የሚያውቅ የለም፤ ሐጂ ዓሊ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ግን ያውቃት ነበር። በ1698 ሐጂ ዓሊ ካይሮ ላይ ቻርልስ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘ። ራሱም በዚያው ሰው ታክሞ ስለነበር ለንጉሡ ይዞት ለመሄድ አላመነታም። መንገዳቸው ቀላል አልነበረም። ዓባይን ይዘው ወደ ላይ፣ ከዚያ በረሃውን፣ ከዚያ ዶንጎላን፣ ከዚያ ስናርን። የሐኪሙን አሽከር መስሎ የተደበቀ ብሬቭዳን የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ አብሯቸው ነበር፤ ጎንደር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተ። ፖንሴ በሐምሌ 1699 ጎንደር ገባ፤ ንጉሡም ዳኑ።

ከፖንሴ ጽሑፍ ስለ ሰፈሩ የምናገኘው አጭር ነው፤ ግን ይበቃል። ሙስሊሞቹ በከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል ለብቻቸው እንደሚኖሩ፣ ክርስቲያኖቹ ሙስሊም ያረደውን ሥጋ እንደማይበሉ፣ ሙስሊም በጠጣበት ዕቃም ሳይባረክ እንደማይጠጡ ጽፏል። ሐኪሙ ይህን እንደ እንግዳ ነገር ያወራዋል። ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም። ዛሬም በጎንደር አካባቢ ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ሙስሊም ወዳጅ ካለው በግ ለይቶ ይገዛል፣ የሚያርድ ሙስሊም ይጠራል፣ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል፤ ሙስሊሙም ሲድር እንደዚያው። ሥጋው ይለያይ እንጂ ዳሱ አንድ ነው። ፖንሴ ያየው ድስቱን ነው፤ ዳሱን ያየ አይመስለኝም። ወይም በእርሱ ጊዜ ዳሱ ገና አልተተከለም ይሆናል።

ከፖንሴ በኋላ ሰባ ዓመት እንለፍ። በየካቲት 1770 ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ በምጽዋ በኩል አድርጎ ጎንደር ደረሰ። ወጣቱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና እንደራሴው ራስ ሚካኤል ስሑል ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ከተማዋ ባለቤት አልነበራትም። ብሩስ የያዛቸው ደብዳቤዎች ከጅዳና ከምጽዋ ነጋዴዎች የተጻፉ ስለነበሩ ያረፈው ቤተ መንግሥት ሳይሆን እስላም ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ነው እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች እንዲያክም ያስጠሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው በየመጽሐፉ የምናገኘው ባለሟሉ ብሩስ የሆነው። ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት የገባው በእስላም ቤት በኩል ዞሮ ነው።

ብሩስ የጎንደርን ሕዝብ አሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ ይለዋል፤ ከቀሃ ማዶ ያለውን የሙስሊሞች ከተማ ደግሞ አንድ ሺህ ያህል ቤት። ሰዎቹ ታታሪዎች እንደሆኑ ከመሰከረ በኋላ ሌላው ያላነሣውን ነገር ያነሣል። የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳን የሚጠብቁት፣ ዘመቻ ሲወጣ የሚጭኑት፣ ሰፈር ሲደረግ የሚተክሉት፣ ሲነሣ የሚነቅሉት እነርሱ ነበሩ። የራሳቸው አለቃ ነበራቸው። መዋጋት ግን አይፈቀድላቸውም፤ እነርሱም አይፈልጉም ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጎንደር ነገሥታት የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠሩ እንላለን እንጂ የዕድሜያቸውን ግማሽ ያሳለፉት በድንኳን ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይወጣሉ፤ ወደ ጎጃም፣ ወደ ላስታ፣ ወደ ስናር ጠረፍ። ክረምቱ ሲገባ ይመለሳሉ። በዚያ ሁሉ ወር ንጉሡ ፍርድ የሚሰጡት፣ ቁርባን የሚቀበሉት፣ የሚተኙት በድንኳን ውስጥ ነው። ገመዱን የያዘው፣ ካስማውን የመታው፣ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ወጥቶ ያጠበቀው የቀሃ ሙስሊም ነው። ከጽዋው የማይጠጣ ጌታ ከካስማው ሥር ተኝቶ አደረ። አዋጁ ይህን አልከለከለም፤ ቢከለክልም ማን ይተክልላቸዋል?

የሰፈሩ ዋና ኑሮ ግን ንግድ ነበር። በደጋው አነጋገር «ነጋዴ» ማለትና ሙስሊም ማለት አንድ እስኪመስል ድረስ። የሲራራ ነጋዴው አለቃ ነጋድራስ ይባላል፤ ቀረጡንም፣ የመንገዱን ፍርድም እርሱ ይይዛል። አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን በአድዋ በኩል ምጽዋ ይወርዳል። አንዱ ወደ ምዕራብ በመተማ ስናር ይገባል። ሦስተኛው ወደ ደቡብ ነው፤ በይፋግና በደሪጣ ገበያ ያልፋል፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ላይ ባሶ ያርፋል፣ ከዚያም እናርያ ድረስ ይዘልቃል። ከደቡብ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ ይመጣል። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ኋላም የማርያ ቴሬዛ ብር ይገባል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ከደቡብ ታፍሰው የመጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በነዚሁ መንገዶች ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተነድተዋል። ትርፉን ነጋዴው ብቻ አልበላውም፤ ቀረጡን የበላው ክርስቲያን መኳንንትም አለበት።

ነጋዴው የሚያጓጉዘው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። ጀበርቲ የሚባሉት የጎንደርና የሌላው አገር ሙስሊሞች በግቤ ነገሥታት አደባባይ ተቀመጡ፤ ሃይማኖታቸውንም አስተማሩ። ወደ ሰሜን የወጡት ደግሞ ለትምህርት ካይሮ ይገቡ ነበር። በአል አዝሃር የጀበርት ተማሪዎች ማደሪያ ለብቻው ነበራቸው። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር ዕለት በዕለት የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል ጀበርቲ ትውልዱ ወደዚሁ ወገን ይመዘዛል፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ቡናንም ማንሣት አለብኝ። ለረጅም ዘመን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና የእስላም መጠጥ ነበር፤ የጠጣ ሰው ንስሐ አባቱ ይቆጣዋል። ይህ የላላው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። ዛሬ ጠዳ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ ቤት ብትገቡ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ትሰማላችሁ። «በረካ» ዐረብኛ ነው። እየጠጣን የምናማትብ ብዙ ነን።

በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ስም ብቻ ሆነው ሥልጣኑ ወደ የጁ ራሶች ሲሄድ ሰፈሩ እንደ ከተማዋ ሁሉ ዘረፋውንም ገበያውንም አየ። የጁዎቹ ትውልዳቸው ከሙስሊም ቤት ነበርና ጠላቶቻቸው በዚያ ያሟቸው ነበር። ራስ ዓሊ ዳግማዊ ከደብረ ታቦር እስከ 1853 ገዙ። ከዚያ የቋራው ካሣ መጡ።

ካሣ በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1864 በግዛታቸው ያሉ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ርስት የለህም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ራቅ ብለህ ኑር ማለትም አንድ ነገር ነው። ይህ ግን ከሁለቱም ይለያል። ዮሐንስ ቀዳማዊ ያሉት «ለብቻህ ሁን» ነበር፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው «እንደኔ ሁን» ሆነ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ደግሞ ለክርስቲያኑም አልተመለሱም። በታኅሣሥ 1866 ቴዎድሮስ ጎንደርን ራሷን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተግዘው መቅደላ ወጡ። ሀብታም የተባለ ነጋዴ ሁሉ ንብረቱን አጣ። ነጋዴ ያጣች ከተማ ደግሞ ቶሎ አታገግምም።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። በክርስቲያኑ መካከል የነበረው የልደትና የቅባት ክርክር ተቆረጠ፤ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ቀነ ገደብ ተሰጣቸው። ወሎ በዚህ ምክንያት ምን ያህል እንደደማ የታወቀ ነው። በጎንደር አንዳንዱ ተጠመቀ፤ አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነ። ሌላው ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ አያቶቹ ሲነግዱበት በኖሩት መንገድ ወደ መተማ ወረደ። ብዙ ሳይቆይ ሱዳን ውስጥ ማህዲ ተነሣና ስደተኛው የሸሸበት አገር ራሱ የጦር አገር ሆነ።

በጥር 1888፣ በእኛ 1880 ዓ.ም.፣ ደርቡሽ የሚባለው የማህዲው ተከታዮች ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመራ ወደ ደምቢያ ገባ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ ገጠሙት፤ ጥር 10 ቀን ነበር፣ የከተራ ዕለት። ተሸነፉ፤ ልጆቻቸውም ሳይቀሩ ተማረኩ። ጦሩ ጎንደር ገብቶ ከቴዎድሮስ የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ የንብ መንጋ ወጥቶ መለሳቸው ይላል ሕዝቡ። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ።

በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በቴዎድሮስ፣ በዮሐንስና በደርቡሽ፣ መመታት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ጎንደርን ያዩ መንገደኞች የሚጽፉት ስለ ፍርስራሽ፣ ስለ ዋርካ፣ ስለ ጅብ ነው። በምኒልክ ዘመን አስገድዶ ማጥመቁ ቀረ፤ ከተሰደደው የተመለሰ ነበር። ንግዱ ግን ከእንግዲህ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባቡሩ ነበር። ምጽዋም የቱርክ መሆኗ ከቀረ ቆይቷል፤ በ1865 ለግብፅ ተሰጠች፣ በ1885 ጣሊያን ያዛት። ያ የቀሃን ሰፈር ያቆመው በር አሁን ጠላት ይዞት ቆሟል።

ያ ጠላት ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ጎንደር ገባ። ጣሊያኖች ጎንደርን የአማራ አገረ ገዥነት ዋና ከተማ አደረጓት፤ ፒያሳውን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን ሠሩ፤ ዛሬም የምንጠቀምበት ነው። ሙሶሊኒ በ1937 ትሪፖሊ ላይ ጎራዴ ተቀብሎ ራሱን የእስልምና ጠባቂ ብሎ ሰይሞ ነበርና በኢትዮጵያም መስጊድ ማሠራት፣ ዐረብኛ ማስተማር ፖሊሲ ሆነ። ሙስሊሙ በአደባባይ አዛን ለማሰማት ያልከፈለው ዋጋ የለም፤ አሁን ፈቃዱ ከወራሪ እጅ መጣለት። ይህን የዘመኑ ሰዎች እንዴት እንደ ቀመሱት ሳስብ አንድ ስሜት ብቻ አይመስለኝም። ከወራሪው ጋር የቆመ ነበር፣ አርበኛ የሆነም ነበር፣ ዝም ብሎ የሰገደም ነበር። ከዚህ ጀምሮ በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ አበቃ። ከጣሊያን ጋር ቆሙ የሚለው ሐሜት ግን ለሙስሊሙ ዕዳ ሆኖ ቀረ፤ ከጣሊያን ጋር የቆመው ክርስቲያን ባንዳ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሳይኖር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሕጉ በሃይማኖት አይለይም ይል ነበር፤ በዓል ግን የክርስቲያኑ ብቻ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ ከሙስሊሞቹ ጎን ክርስቲያኖችም ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የበዓላት ነበር። ደርግ እንደመጣ ኢድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረገ። ከ1668ቱ ጉባኤ እስከዚያች ቀን ሦስት መቶ ዓመት አልፏል።

አሁን ወደ ቅርቡ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የረመዳን መጨረሻ ሳምንት ነበር። ጎንደር ላይ አንድ ሼኽ አርፈው ሐጂ ኤልያስ መስጊድ መቃብር ሊቀበሩ ሕዝቡ ወጣ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል፤ በወሰኑ ላይ የቆየ ክርክር ነበረ። ጠቡ የተነሣው ለቀብሩ በተነሣ ድንጋይ ሳቢያ ነው ተባለ። ቀባሪው በቀብሩ ላይ ተመታ። የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የሞቱትን ከሃያ በላይ አላቸው። መስጊዶች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም በአጸፋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ክርስቲያኖች ተገደሉ። በዚያ ሰሞን ከጠዳ ጎንደር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ የሚወራ አልነበረም። ሁሉም በመስኮት ውጭውን ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አዲስ ዓለም ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ ራሴም አላውቅም፤ ምናልባት ይህን ስጽፍ ከመጽሐፍ ሌላ አንድ የሚዳሰስ ነገር አስፈልጎኝ ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ አዛውንት ሸማኔ አገኘሁ። እግራቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ አንዱን መርገጫ ሲጫኑ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ያልፋል፣ ማጉን መትተው ያጠብቃሉ። ከዚያ ሌላውን መርገጫ። ከአጠገባቸው የተጠቀለለ መስገጃ በግድግዳው ላይ ተሰክቷል። በድሩ ላይ ያለው ጥለት ገና መጀመሩ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ መካከሉ ላይ መስቀል።

«እንደምን ዋሉ አባባ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እጃቸው ሳይቆም።

የታዘዘ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አዎ አሉ፤ ስድስት ነጠላ፣ ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች።

«መቼ ይደርሳል ታዲያ?»

መወርወሪያውን ያዝ አደረጉና በጣታቸው ቆጠሩ። «ለከተራ» አሉ። «ለከተራ ካልደረሰ ምን ያደርግላቸዋል?»